የፕሮግራም ጸሐፊዎች የጋራ የሥራ መድረክ ሐሳብ በምን ይመዘናል?

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ባለሙያዎች በያሉበት ሆነው በኢንተርኔት አማካይነት በጋራ የሚሠሩበትን መድረክ መገንባት በወረቀት ላይ ሲቀርብ ማራኪ ሐሳብ ነው። ፋብሪካ መትከልን አይጠይቅም፤ ጥሬ ዕቃ ከውጭ አያስመጣም፤ በጥቂት ባለሙያዎችና በተወሰኑ ሰርቨሮች ሥራውን መጀመር ይቻላል። ይሁንና በመስኩ የተሰማሩ ድርጅቶች ያለፉት 25 ዓመታት ታሪክ እንደሚያመለክተው፣ እንደ ጎግልና ማይክሮሶፍት ያሉ ታላላቅ ኩባንያዎች ያቋቋሟቸው መድረኮች በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ሲዘጉ፣ በጥቂት ወጣቶች ያለ ውጭ ባለሀብት ድጋፍ የተጀመረ ሌላ መድረክ ደግሞ በ7 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ተሽጧል።

ልዩነቱን የፈጠረው የመነሻ ገንዘቡ ብዛት ወይም የአቋቋሚው ስም አይደለም። መድረኩ የማንን የዕለት ተዕለት ድካም ያቀላል፣ ተጠቃሚው ሥራውን ካለበት ለምን ወደዚህ ያዛውራል፣ አቋቋሚው ነገ ፊቱን ቢያዞር የተጠቃሚው ሥራ ምን ይሆናል የሚሉት ጥያቄዎች ያገኙት መልስ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቅድ የሚመረምር ኃላፊ ወይም የገምጋሚ ኮሚቴ አባል እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ ማንሳት ይጠበቅበታል። በመድረኩ ላይ የሚቀመጠው የመንግሥት ወይም የባለሀብት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሌሎች ሰዎች የዓመታት ልፋት ጭምር ነውና።

መድረኩ ምን ይሠራል?

ጉዳዩን ለመረዳት ከቢሮ ሥራ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። አንድ መሥሪያ ቤት የመመሪያ ረቂቅ አዘጋጅቶ ለአምስት የሥራ ክፍሎች አስተያየት እንዲሰጡበት ላከ እንበል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ማሻሻያ አስገብቶ ሲመልስ በአርቃቂው እጅ አምስት የተለያዩ ቅጂዎች ይከማቻሉ። አንቀጽ 12ን የለወጠው የትኛው ክፍል ነው? የለወጠውስ በምን ምክንያት ነው? ሁለት ክፍሎች አንዱን ንዑስ አንቀጽ በተለያየ መንገድ ቢያሻሽሉት የትኛው ይጸናል? “የመጨረሻ” የሚል ስም ከተሰጣቸው ሦስት ፋይሎች መካከል እውነተኛው የመጨረሻ የቱ ነው? በረቂቅ ዝግጅት የተሳተፈ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል።

ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይኸው ችግር በየዕለቱ ያጋጥማቸዋል። አንድ ፕሮግራም በሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የኮድ መስመሮች ሊኖሩት የሚችል ሲሆን፣ በአንዱ መስመር ላይ ያለቦታዋ የገባች አንዲት ምልክት ሥራውን በሙሉ ልታቆም ትችላለች። በመሆኑም ባለሙያዎቹ የትኛው መስመር በማን፣ መቼና ለምን እንደተለወጠ የሚመዘግብ፣ ስህተት ሲገኝም ወደ ቀድሞው ይዘት የሚመልስ የሥሪት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይጠቀማሉ።

የጋራ የሥራ መድረክ የሚባለው በዚህ መቆጣጠሪያ ላይ የሚገነባ አገልግሎት ነው። የኮድ ማኅደሩን በኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል፤ ለእያንዳንዱ ባለሙያ በስሙ መለያ ይሰጣል፤ የታዩ ጉድለቶችን በዝርዝር ይመዘግባል፤ አንድ ባለሙያ ያቀረበው ለውጥ ከዋናው ሥራ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ሌሎች መርምረው አስተያየት እንዲሰጡበት ያደርጋል። ባጭሩ መዝገብ ቤትንና የስብሰባ አዳራሽን በአንድነት የያዘ አገልግሎት ነው ማለት ይቻላል።

ከሶርስፎርጅ እስከ ጊትሀብ

በዚህ መስክ በስፋት ከታወቁት ቀዳሚ አገልግሎቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 ቪኤ ሊኑክስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተጀመረው ሶርስፎርጅ ነው። በወቅቱ ማንም ሰው እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት ሆኖ የሚሠራጭ፣ በተለምዶ “ክፍት ምንጭ” የሚባለው ሶፍትዌር እየተስፋፋ ነበር። ሶርስፎርጅም ለእነዚህ ሥራዎች የማኅደር ቦታ፣ የውይይት መድረክና ፕሮግራሙን ለሕዝብ የሚያሠራጩበትን ገጽ በነጻ በማቅረብ ከፍተኛ ተቀባይነት አግኝቷል።

ሆኖም አሠራሩ በፕሮጀክት ላይ የተመሠረተ ነበር። አዲስ ሥራ ለመክፈት ማመልከቻ ማቅረብና ፈቃድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በሌላ ሰው ሥራ ላይ ለውጥ ለማስገባትም ከባለቤቱ የመጻፍ ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ከውጭ የመጣ ባለሙያ አንዲት ስህተት አርሞ ለማቅረብ ረጅም መንገድ ይሄድ ነበር።

የለውጡ መነሻ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ሥራ በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ በርካታ ባለሙያዎች የሚሳተፉበት ሲሆን፣ ከ2002 ጀምሮ ቢትኪፐር የተሰኘውን የአንድ የግል ድርጅት የሥሪት መቆጣጠሪያ ይጠቀም ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በነጻ የመጠቀም ፈቃዱን በማንሳቱ ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ጊት የተባለውን የራሱን መቆጣጠሪያ ጻፈ። የጊት ዋነኛ ባሕርይ እያንዳንዱ ተሳታፊ የሥራውን ሙሉ ታሪክ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ የሚይዝ መሆኑ ነው። የኢንተርኔት ግንኙነት በተቋረጠበት ሰዓት እንኳ ባለሙያው ሥራውን ቀጥሎ፣ መስመሩ ሲመለስ ለውጡን ይልካል።

ጊት ጠንካራ ቢሆንም ለጀማሪ የሚከብድ ነበር። ማኅደርን ለሌሎች ለማካፈል ሰርቨር ማዘጋጀትንና የፈቃድ ቁልፎችን ማስተዳደርን ይጠይቅ ነበር። ቶም ፕሬስተን-ወርነር፣ ክሪስ ዋንስትራትና ፒጄ ሃየት የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ ባለሙያዎች ይህን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ሥራ ጀምረው፣ ጊትሀብን በሚያዝያ 2008 ለሕዝብ ክፍት አደረጉ። ፕሬስተን-ወርነር በወቅቱ ተቀጥሮ ይሠራበት የነበረውን ድርጅት ማይክሮሶፍት ሲገዛው በሥራው እንዲቆይ በሦስት ዓመት የሚከፈል 300 ሺህ ዶላር ተጨማሪ ጥቅም ቢቀርብለትም፣ ሳይቀበል ሙሉ ጊዜውን ለጊትሀብ መስጠቱን ራሱ ጽፏል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ያው ማይክሮሶፍት ጊትሀብን በ7 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ የአክሲዮን ክፍያ ጠቅልሎታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የመድረኩ ተጠቃሚዎች ቁጥር 100 ሚሊዮን መድረሱን ኩባንያው አስታውቋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የማንን ድካም ያቀላል?

ጊትሀብ በጀመረበት ጊዜ ሶርስፎርጅም ሆነ የጎግል መድረክ በሥራ ላይ ነበሩ። ስለዚህ “በመስኩ ሌላ ድርጅት አለን?” የሚለው የገምጋሚዎች የተለመደ ጥያቄ ብቻውን ቢነሳ ኖሮ ዕቅዱ ውድቅ ሊደረግ ይችል ነበር። መሥራቾቹ ያዩት ግን የተፎካካሪውን መኖር ሳይሆን፣ እነርሱ ራሳቸው በየዕለቱ ይቸገሩበት የነበረውን ሥራ ነው።

በአዲሱ አሠራር ማዕከሉ ፕሮጀክቱ ሳይሆን ሰውየው ሆነ። ማንኛውም ባለሙያ የሌላውን ክፍት ሥራ ሙሉ ቅጂ ያለፈቃድ ወደራሱ ማኅደር ይወስዳል፤ የፈለገውን ያሻሽላል፤ ከዚያም ለዋናው ባለቤት “ይህን ለውጥ ተቀበለኝ” የሚል ጥያቄ ያቀርባል። ባለቤቱ የተለወጡትን መስመሮች ከነባሮቹ ጋር አነጻጽሮ ይቀበላል፣ ያስተካክላል ወይም ይመልሳል። ቀድሞ ፈቃድ ከሥራ በፊት ይጠየቅ ነበር፤ አሁን ሥራው ቀድሞ ውሳኔው ተከተለ። ለእንግዳው ባለሙያ በሩ ተከፈተለት፤ ባለቤቱም በማያውቀው ሰው ላይ እምነት ጥሎ የመጻፍ ሥልጣን ከመስጠት ዳነ።

ከዚህ አኳያ ዕቅድ አቅራቢው ማስረዳት ያለበት መድረኩ ስንት አገልግሎቶች እንዳሉት አይደለም። ዛሬ በስንት እርምጃ የሚከናወን የትኛው ሥራ በመድረኩ በስንት እርምጃ እንደሚያልቅ፣ ይህንንም ድካም የሚያውቀው በራሱ ልምድ ይሁን በወሬ ማሳየት ይኖርበታል። “ባለሙያዎች መገናኛ ያስፈልጋቸዋል” የሚል ጥቅል አባባል መልስ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ተጠቃሚው ካለበት ለምን ይለቃል?

የጋራ መድረክ ባሕርይ ከገበያ ጋር ይመሳሰላል። ሻጭ የሚሄደው ገዢ ወዳለበት ነው፤ ገዢም ሻጭ ወዳለበት። ብዙ ሰው ያለበት መድረክ ሌላ ብዙ ሰው ይስባል፤ ባዶው ደግሞ ባዶ እንደሆነ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ከነባሩ ጥቂት የተሻለ መድረክ መገንባት ብቻውን ተጠቃሚን አያዛውርም።

ይህን ዕንቅፋት ያለፉት መድረኮች የጋራ መለያ አላቸው። ሌላ ተጠቃሚ ባይኖር እንኳ አንድ ሰው ብቻውን ሊጠቀምባቸው ይችላል። ጊትሀብን የከፈተ አንድ ባለሙያ ማንንም ባያገኝ፣ ሥራው በአስተማማኝ ቦታ ተቀምጦለታል፤ ታሪኩም ተመዝግቦለታል። ሌሎች ሲጨመሩ ጥቅሙ ይበዛለታል እንጂ ጥቅሙ የሚጀምረው ሌሎች ከመጡ በኋላ አይደለም። በተጨማሪም በድረ ገጽ ሠሪዎች ዘንድ ታዋቂ የነበረው የሩቢ ኦን ሬይልስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ጊትሀብ መዛወሩ፣ በዚያ ሥራ ዙሪያ የነበሩትን ባለሙያዎች አብሮ ስቧል።

ስለሆነም ገምጋሚው ሁለት ነገሮችን መጠየቅ ይችላል። አንደኛ፣ መድረኩ ለመጀመሪያው ብቸኛ ተጠቃሚ ምን ይጠቅመዋል? ሁለተኛ፣ ሥራቸውን ለማዛወር የተስማሙት የመጀመሪያዎቹ ቡድኖች እነማን ናቸው? ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ የሌለው ዕቅድ፣ የማስታወቂያ በጀቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ባዶ አዳራሽ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ጊትሀብ ሲጀመር የክፍያ ሥርዓቱ ግልጽ ነበር። ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ በነጻ ይቀመጣል፤ ሥራውን በምስጢር መያዝ የሚፈልግ ግለሰብ ወይም ድርጅት ደግሞ በወር ከ7 ዶላር የሚጀምር ክፍያ ይፈጽማል። ነጻው ክፍል ባለሙያዎችን ይስባል፤ ባለሙያዎቹም የለመዱትን መሣሪያ ወደሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ይዘው ይገባሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል። ድርጅቱ በዚህ ገቢ ራሱን ችሎ ከቆየ በኋላ ነበር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 አንድሪሰን ሆሮዊትዝ ከተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት 100 ሚሊዮን ዶላር የተቀበለው።

ይሁን እንጂ ያው ሥርዓት ዛሬ ቢቀዳ አይሠራም። ጊትሀብ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 እስከ ሦስት ተባባሪ ላላቸው፣ በሚያዝያ 2020 ደግሞ ያለተባባሪ ቁጥር ገደብ ምስጢራዊ ማኅደርን በነጻ ፈቅዷል። ትናንት የሚሸጠው ዕቃ ዛሬ በነጻ ይታደላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ጊትሀብ ኮድ በመጻፍ የሚያግዝ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በወር 10 ዶላር ለገበያ አቅርቧል። የገቢው ምንጭ ኮድ ከማስቀመጥ ወደ ኮድ በመጻፍ ማገዝ ማዘንበሉን ይህ ያመለክታል።

ተፎካካሪው ጊትላብ ሌላ መንገድ ተከትሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩክሬናዊው ዲሚትሮ ዛፖሮዠትስ የተጀመረው ይህ ሥራ መሠረታዊውን ፕሮግራም ማንም በራሱ ሰርቨር ላይ በነጻ እንዲተክለው በመፍቀድ፣ ትላልቅ ድርጅቶች ለሚፈልጓቸው ተጨማሪ አገልግሎቶች ያስከፍላል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በናዝዳክ የአክሲዮን ገበያ ተመዝግቧል። ጊትላብ ጊትሀብን አልቀዳም፤ ኮዳቸውን በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ የማይፈልጉ ተቋማትን ፍላጎት አሟላ እንጂ። ዕቅድ አቅራቢዎች “እንደ ጊትሀብ ያለ” ብለው ሲጽፉ፣ ጊትሀብ የማያገለግለው ማንን እንደሆነ አብረው ካልጻፉ የገቢ ሠንጠረዡ ምኞት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛው ጥያቄ፦ አቋቋሚው ቢተወውስ?

በዚህ መስክ የታየው ከባድ ትምህርት የሚገኘው ከተሳካላቸው ሳይሆን ከተዘጉት ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2006 የከፈተውን የኮድ ማኖሪያ በመጋቢት 2015 እንደሚዘጋ አስታውቆ፣ በጥር 2016 ዘግቶታል። ማይክሮሶፍት በዚያው በ2006 የጀመረውን ኮድፕሌክስ በታኅሣሥ 2017 ዘግቷል። ሁለቱም የገንዘብም ሆነ የባለሙያ እጥረት የነበረባቸው አይደሉም። ተጠቃሚዎቻቸው ወደ ሌላ ቦታ ሲሄዱ፣ ለባለቤቶቻቸው ከብዙ ሥራዎች አንዱ ብቻ የነበሩት እነዚህ መድረኮች ቀጣይነት አጡ። ጊቶሪየስ የተባለው ሌላ መድረክም እ.ኤ.አ. በ2015 በጊትላብ ተገዝቶ በዚያው ዓመት ተዘግቷል።

መድረክ ሳይዘጋም እምነት ሊያጣ ይችላል። ቀዳሚው ሶርስፎርጅ ከጊዜ በኋላ ተጠቃሚዎች በሚያወርዷቸው ፕሮግራሞች ላይ የሌሎች ድርጅቶችን የንግድ ፕሮግራሞች አያይዞ በማቅረቡ እ.ኤ.አ. በ2015 ከባድ ወቀሳ የደረሰበት ሲሆን፣ ታዋቂ ሥራዎችም ለቀውታል። በ2016 መድረኩን የገዙት አዲሶቹ ባለቤቶች ይህን አሠራር ቢያስቀሩም የቀድሞው ስፍራ አልተመለሰም።

በነዚህ መድረኮች ላይ ሥራቸውን ያኖሩ ባለሙያዎች ኮዱን ይዘው መውጣት ችለዋል። ኮዱን ብቻ ይዞ መውጣት ግን ሥራን በሙሉ ይዞ መውጣት አይደለም። ጉድለቶች የተመዘገቡበት ዝርዝር፣ ውሳኔዎች የተብራሩበት ውይይት፣ በሌሎች ገጾች ላይ የተጠቀሱ አድራሻዎች በቀላሉ አይዛወሩም። መዝገብ ቤት ሲፈርስ ሰነዱ ቢተርፍ እንኳ የደብዳቤ ልውውጡና የውሳኔው ምክንያት እንደሚጠፋ ያለ ነው። ይህ አደጋ አሳሳቢ በመሆኑ የፈረንሳዩ የምርምር ተቋም ኢንሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለምን የፕሮግራም ኮድ ለትውልድ የሚያቆይ ሶፍትዌር ሄሪቴጅ የተባለ ማኅደር ያቋቋመ ሲሆን፣ ከዩኔስኮም ጋር በትብብር ይሠራል። ከተዘጉት የጎግልና የጊቶሪየስ መድረኮች የተረፉ ኮዶችም በዚሁ ማኅደር ተቀምጠዋል።

ስለዚህ ከዕቅዱ ጋር አንድ የመውጫ ሰነድ መጠየቅ ተገቢ ነው። መድረኩ ቢዘጋ ተጠቃሚው ከስንት ወር በፊት ይነገረዋል? ኮዱን፣ ውይይቱንና መዝገቡን በምን መልክ ይረከባል? እነዚህን አስቀድሞ ለመጻፍ የማይፈቅድ አቋቋሚ የሌሎችን ሥራ በአደራ ሊረከብ አይገባውም።

አምስተኛው ጥያቄ፦ መረጃው በምን ሁኔታና በማን ሥልጣን ሥር ነው?

እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ የጊትላብ ሠራተኛ የተፈጠረ ችግር ለማስተካከል ሲሠራ የዋናውን የመረጃ ቋት ይዘት በስህተት ሰረዘ። ኩባንያው በበርካታ መንገዶች መጠባበቂያ ቅጂ ይይዝ የነበረ ቢሆንም፣ ሲፈተሹ አብዛኞቹ በትክክል እንደማይሠሩ ታወቀ። በአጋጣሚ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት የተወሰደ ቅጂ በመገኘቱ አገልግሎቱ ሊመለስ ችሏል። የኮድ ማኅደሮቹ ባይነኩም፣ በነዚያ ሰዓታት የተመዘገቡ አስተያየቶች፣ ፕሮጀክቶችና ተጠቃሚዎች ጠፍተዋል። ኩባንያው የደረሰውን ሁሉ ለሕዝብ በግልጽ ማስረዳቱ ይታወሳል። የአደጋው ትምህርት መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ብቻ ሳይሆን፣ ከቅጂው መረጃውን መመለስ እንደሚቻል በየጊዜው መሞከር አስፈላጊ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የሕግ ሥልጣን ነው። ጊትሀብ የአሜሪካ ኩባንያ በመሆኑ የአገሩን የንግድ ማዕቀብ ያከብራል። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 በኢራን፣ በሶሪያና በክሪሚያ ያሉ ተጠቃሚዎች በአንዳንድ አገልግሎቶች ላይ ገደብ ተጥሎባቸዋል። ለኢራን ተጠቃሚዎች አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ኩባንያው ከአሜሪካ መንግሥት ልዩ ፈቃድ ካገኘ በኋላ በጥር 2021 ነው። ባለሙያዎቹ ያጠፉት ጥፋት ሳይኖር ሥራቸው በሌላ አገር ሕግ ሊታገድ መቻሉን ይህ ያሳያል።

ሦስተኛው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በመድረኮች ላይ በክፍት የተቀመጠ ኮድ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ መዋሉን በመቃወም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በአሜሪካ ፍርድ ቤት በጊትሀብና በአጋሮቹ ላይ ክስ ተመሥርቷል። አዲስ መድረክ የሚያቋቁም ወገን የተጠቃሚዎቹን ኮድ ለምን ዓላማ ሊያውለው እንደሚችልና እንደማይችል በውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ጉዳዩ የግል ኩባንያዎች ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ባወጣው መመሪያ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በትዕዛዝ ካሠሩት አዲስ ኮድ ቢያንስ 20 በመቶውን በክፍት ምንጭነት እንዲያወጡ የሙከራ ፕሮግራም ጀምሯል። ጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኮዳቸውን የሚለዋወጡበትን ኦፕንኮድ የተባለ መድረክ ከፍታለች። ጀርመኖቹ መድረኩን ከባዶ አልጻፉትም፤ የተጠቀሙት የጊትላብን ፕሮግራም ነው።

በኢትዮጵያም ግንኙነቱ ሩቅ አይደለም። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የመረጃ ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። በጤናው ዘርፍ ለመረጃ አያያዝ የሚያገለግለው ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ምንጭ ሥራ ነው። የሁለቱም ኮድ በጊትሀብ ላይ ይገኛል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ትብብር በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በመስኩ የሚሰማራውን የሰው ኃይል ለማብዛት ያለመ በመሆኑ፣ ሠልጣኞች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበትና የሚያሳዩበት ቦታ ጉዳይ ተያይዞ የሚነሳ ነው።

ከዚህ በመነሳት “አገር በቀል ጊትሀብ” ለመገንባት የሚቀርብ ዕቅድ ሲታይ፣ መጀመሪያ ሊነሳ የሚገባው ያለውን መሣሪያ በነጻ ወስዶ በአገር ውስጥ ሰርቨር ላይ መትከል ለምን እንደማይበቃ ነው። ከጊትላብ ነጻ ሥሪት በተጨማሪ ጊቲና ፎርጄዮ የተባሉ ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች ለዚሁ ተግባር የተዘጋጁ ናቸው። አንድ መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው ኮዱን በራሱ ቁጥጥር ሥር ማስቀመጥ ብቻ ከሆነ፣ ፍላጎቱ በአዲስ ግንባታ ሳይሆን በተከላና በጥገና ይሟላል። ሥርዓቱ የዜጎችን የግል መረጃ የሚነካ ከሆነም ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማክበር ግዴታ ነው።

ለአገር ውስጥ ጀማሪ ኩባንያ የሚቀረው ሰፊ ሥራ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ለጀማሪ ባለሙያ በአገሩ ቋንቋ ማብራሪያና መካሪ ማቅረብ፣ ግንኙነቱ ደካማ በሆነበት አካባቢ የሚሠራ አሠራር መዘርጋት፣ በብር የሚከፈል የተከላና የድጋፍ አገልግሎት መስጠት፣ መሥሪያ ቤቶች በየፊናቸው ደጋግመው የሚያሠሯቸውን ተመሳሳይ ፕሮግራሞች የሚጋሩበትን መንገድ ማመቻቸት የዓለም አቀፍ መድረኮች ዋነኛ ትኩረት ያልሆኑ ሥራዎች ናቸው። ዕቅዱ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ካተኮረ፣ ከመቶ ሚሊዮን ተጠቃሚ ባለቤት ጋር ፊት ለፊት መፎካከር ሳያስፈልገው የራሱን ተጠቃሚ ሊያገኝ ይችላል።

ከማጽደቅ በፊት መሞከር

ለአምስቱም ጥያቄዎች የሚሰጠው የጽሑፍ መልስ፣ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን፣ ያለሙከራ ሙሉ ድጋፍ ለመስጠት አያበቃም። አስተማማኙ መንገድ ድጋፉን በደረጃ መስጠት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ወይም ሦስት እውነተኛ ቡድኖች፣ እውነተኛ ሥራቸውን ይዘው ለተወሰኑ ወራት በመድረኩ ላይ ይሠራሉ። ለሠርቶ ማሳያ ተብሎ የተዘጋጀ ሥራ ችግሩን አያወጣውም።

በሙከራው መጨረሻ የሚለካውም የተመዘገበው ሰው ብዛት መሆን የለበትም። አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ያልተመለሰ ሰው በሪፖርት ላይ ቁጥር ያሳምራል እንጂ የመድረኩን ጥቅም አያሳይም። በየሳምንቱ ተመልሰው የሚሠሩት ስንት ናቸው? አንድ ለውጥ ቀርቦ ተመርምሮ እስኪጸድቅ የሚወስደው ጊዜ አጠረ ወይስ ረዘመ? የሙከራው ጊዜ ሲያበቃ ቡድኖቹ ማንም ሳያስገድዳቸው ቀጠሉ ወይስ ወደ ቀድሞው አሠራራቸው ተመለሱ? ከመጠባበቂያ ቅጂ መረጃ የመመለስ ሙከራስ በኮሚቴው ፊት ተካሂዷል? የሚቀጥለው ክፍያ የሚለቀቀው እነዚህ ተመልሰው ሲገኙ ነው።

በዚህ ሚዛን ውድቅ የሚሆን ዕቅድ መኖሩ አይቀርም። ይህ በአቅራቢው ላይ የደረሰ በደል ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ጥቂት ወራትና ትንሽ ገንዘብ ወስዶ የተገታ ሐሳብ፣ ብዙ ሰዎች ሥራቸውን ካኖሩበት ከዓመታት በኋላ ከሚዘጋ መድረክ ይሻላል። የጎግልና የማይክሮሶፍት መድረኮች ሲዘጉ ባለቤቶቻቸው ሌላ ሥራ ነበራቸው፤ ማኅደራቸውን ይዘው ሌላ ቦታ የፈለጉት ግን ተጠቃሚዎቹ ናቸው። በመሆኑም የድጋፍ ውሳኔ የሚሰጥ ኃላፊ በፊቱ ከተቀመጠው አመልካች በተጨማሪ፣ በስብሰባው ላይ ያልተገኘውንና ነገ ሥራውን በመድረኩ ላይ የሚያስቀምጠውን ባለሙያ ጥቅም ማሰብ ይጠበቅበታል።